ጠላው አልደርስ ሲል

የመስቀል ደመራ ከተለኮሰበት ቀን ጀምሮ ጥር እስኪጋመስ ድረስ በአዲስ አበባ የሚጠመቅ ጠላ ባለቤቱን ያስቸግራል። በግንቦት ልደታ ሰሞን በጥቂት ቀን ተነሥቶ ክዳኑን ሊገፋ የሚደርሰው ድፍድፍ፣ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ቀኑን ቢቈጥሩለት ቢቈጥሩለት ዝም ብሎ ይተኛል። እህሉ ያው ነው፤ ጌሾውም ያው ነው፤ የጠማቂዋም እጅ አልተለወጠም። ነገሩ በእናቶቻችን ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ እነርሱን አያስደነግጣቸውም፤ እናንተን ግን ያስደነግጣችኋል።

ከእናንተ መካከል በአብነትና በአካባቢው፣ አንዱ በጓሮ ቤት፣ ሌላው በልደታ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ወይም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ሞልቷል። የማኅበር ጽዋ ተረክባችሁ ተራችሁ በደረሰ ጊዜ ገብሱ፣ ብቅሉና ጌሾው ከወር ደመወዛችሁ ላይ ምን ያህል እንደ ቈረሰ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሙያውን የተማራችሁት ምናልባት በስልክ ነው። እናታችሁ ከአገር ቤት ስትነግራችሁ መለኪያዋ ሁሉ «እስኪበቃው» እና «ልክ ሲሆን» ነው፤ እጇ ስለሚያውቀው በቃል መናገር አያስፈልጋትም። እንግዲህ ጠንስሳችሁ፣ ደፍድፋችሁ፣ ጋኑን ከድናችሁ ትጠብቃላችሁ። ሦስተኛው ቀን ያልፋል፤ አራተኛውም ይመጣል። ጆሮ ብታስጠጉ ድምፅ የለም፤ ክዳኑን ብታነሡ አረፋ የለም። እንግዶቹ ግን ተጠርተዋል።

በዚህ ጊዜ መካሪ አይታጣም። የሰፈሩ ስምም አብነት ነውና አብነት የሚያዝ ሰው በየበሩ አለ። አንዱ «አንድ ኪሎ ስኳር ጨምሩበት» ይላል። አንዷ «ዐይን አይቶት ነው፤ ሸፍኑት» ትላለች። ሌላው ደግሞ «ሞቷል፤ ድፉትና እንደገና ጀምሩ» ብሎ ይፈርዳል። ጋኑን ሸፍኑት ያለችው ሴት ምክንያቷ ሌላ ቢሆንም ምክሯ ከሁሉ ይሻላል፤ መሸፈን ይጠቅማል እንጂ አይጐዳም። ድፉት ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስደፋችሁ ያልሞተውን ነው።

ጠላ ደረሰ የምንለው በጋኑ ውስጥ ሁለት ሥራ ተሠርቶ ሲያልቅ ነው። የመጀመሪያውን የሚሠራው ብቅሉ ነው፤ የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጣል። ሁለተኛውን የሚሠራው በዐይን የማይታየው እርሾ ሲሆን፣ ያን ስኳር እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። አረፋውና ድምፁ የዚህ ጋዝ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ደብዳቤ አልወጣ ሲል ወይ ጸሐፊው አልጻፈውም፤ ወይ ተጽፎ ፈራሚው ከቦታው የለም። ጸሐፊው ሳይጽፍ ፈራሚውን ቢማጠኑት ዋጋ የለውም። ጋኑም እንዲሁ ነው። ስኳር ጨምሩ የሚላችሁ ሰው ደብዳቤው እንዳልተጻፈ አድርጎ ቈጥሯል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው በፈራሚው ዘንድ ነው።

ይህ የጋን ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር እንዳይታያችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1856 በፈረንሳይ አገር በሊል ከተማ ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለ ፋብሪካ ጋኖቹ እየኮመጠጡ ቢያስቸግሩት ልጁን ወደሚያስተምረው ወደ ሉዊ ፓስተር ሄዶ ለመነው። ፓስተር ከየጋኑ ጠብታ እየወሰደ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በደህናው ጋን ውስጥ ድቡልቡል እርሾ አገኘ፤ በተበላሸው ውስጥ ደግሞ ቀጫጭንና ረዘም ያሉ ሌሎች ሕያዋን አየ። ስለ ተሐዋስያን የተጻፈው ትልቁ ሥራው የተጀመረው ከዚህ ዐይነቱ ጭንቀት ነው፤ በ1876 ደግሞ ስለ ቢራ ብቻ አንድ መጽሐፍ አውጥቷል። ጉለሌ ያለውን ሰፈር «ፓስተር» እያልን የምንጠራው በዚያ በነበረው በፓስተር ኢንስቲትዩት የተነሣ፣ በዚሁ ሰው ስም ነው። በእኛም ዘንድ ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ የተባሉ ሊቃውንት የጠላን ተሐዋስያን መርምረው በ1991 (እንደ ፈረንጅ) «ሲኔት» በተባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። በጠላ ውስጥ የሚሠራው ዋናው እርሾ ዳቦ ከሚያስነሣው ጋር አንድ ዘር ነው። አብሮት የሚኖረው አኮምጣጭ ባክቴሪያ ደግሞ ለጠላ ያንን የለመድነውን ለስለስ ያለ ኮምጠጥታ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ጋናችሁ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ጠላው በእርግጥ ቆሞ እንደ ሆነ አረጋግጡ፤ ዝም ያለ ሁሉ የቆመ አይደለምና። ሌሊት ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ ፈልቶ ጨርሶ ይሆናል። የቢራ ፋብሪካ ሰዎች ይህን የሚያውቁት በፈሳሹ ላይ በሚንሳፈፍ የመስተዋት መለኪያ ነው፤ እናንተ ግን ምላስ አላችሁ። በንጹሕ ጭልፋ ጥቂት ቀድታችሁ ቅመሱት። ጣፋጭ ሆኖ አረፋ ከሌለው፣ ስኳሩ አለ፣ እርሾው ግን አልሠራም ማለት ነው። ጣፋጭነቱ ጠፍቶ መረር፣ ከረር ካለና አፍ የሚያሞቅ ከሆነ ጨርሷል፤ ውሃውን ጨምራችሁ ወደሚቀጥለው ሥራ እለፉ። ጣፋጭም መራራም ሳይሆን እንደ ጥሬ ዱቄት ውሃ ከቀመሰ፣ ብቅሉ ሥራውን አልሠራም። ተማሪዎች ደግሞ በትምህርት ቤት የምታውቁትን ሙከራ ልትሠሩ ትችላላችሁ። ክብሪት ለኩሳችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጋኑ አፍ ዝቅ አድርጉት። እርሾው በመሥራት ላይ ካለ ከድፍድፉ በላይ የተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳቱን እፍ እንዳሉት ያጠፋዋል። ክብሪቱ ደኅና ሆኖ ከነደደ ጋኑ በእርግጥ ተኝቷል። ዕቃችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይህን ሙከራ ተዉት።

በአዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ብርድ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። እርሾ ደግሞ ደስ ብሎት የሚሠራው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከዚያ በታች እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር ሥራውን ይቀንሳል፤ ጥቂት ዲግሪ ሲቀረው ጨርሶ ይተኛል እንጂ አይሞትም። እናቶቻችን ጋኑን ከምድጃው አጠገብ፣ በሣር ወይም በገለባ ላይ ያስቀምጡት የነበረው በከንቱ አልነበረም። በዛሬው ቤት ምድጃ የለም፤ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከጋኑ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ የቆመውን ጠላ ለማንቃት መጀመሪያ የምታደርጉት ጋኑን ከወለሉ ማንሣት ነው። ከሥሩ ጣውላ ወይም የታጠፈ ጆንያ አድርጉለት፤ ዙሪያውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልሉት፤ ማታ ማታም ሙቅ ውሃ የሞላችሁበትን ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ከጋኑ ጋር አስጠግታችሁ አብራችሁ ሸፍኑት። ከዚያም በንጹሕ ማማሰያ ከሥር እስከ ላይ አንድ ጊዜ አማስሉት፤ ሥር የተኛው እርሾ ይነሣል፣ ጥቂት አየርም ያገኛል። ይህን አድርጋችሁ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ጠብቁ። ብዙው ጋን ከዚህ በላይ መድኃኒት አይፈልግም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ እንድታነቡኝ እለምናችኋለሁ። ጋኑን ለማሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ አቀጣጥላችሁ፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ በዚያው ክፍል እንዳትተኙ። የኪራይ ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ነው፤ ጋኑም አልጋውም በአንድ ላይ ናቸው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝና ሰውየው ራሱን አመመኝ ሲል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ በዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ ክፋቱም ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የቀላውም ፍም ጋዙን ያወጣል። በብርድ ወራት ከከሰል ጋር በር ዘግተው አድረው ጠዋት ያልተነሡ ሰዎችን ታሪክ በአዲስ አበባ ያልሰማ የለም። ጠላ ለአንድ ሳምንት ቢዘገይ ምን ይሆናል? ለሚካኤል ያልደረሰው ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን ይደርሳል። ለማኅበሩ አንድ ጀሪካን ከሰፈሩ ጠላ ሻጭ ቢገዛ የሚቀየም የማኅበር ወንድም ካለ እርሱን ተዉት።

ከብርድ ቀጥሎ የሚመጣው የብርድ ተቃራኒ ነው። ቸኩላችሁ ቂጣውን ከምጣድ እንደ ወረደ ቈርሳችሁ፣ ወይም እንኩሮውን ሳይበርድ ጨምራችሁ እንደ ሆነ እርሾውን ፈጅታችሁታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርሾን ለመግደል ግን ያን ያህል አያስፈልግም፤ 60 ዲግሪ ከደረሰ ይበቃዋል። ልኩ ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ነው፤ ክርናችሁን ብትነክሩት ለብ ከማለት አያልፍም። በዚህ ዐይነት የሞተውን ጋን ብርድ ልብስ አያስነሣውም፤ ከሌላ ቦታ ሕያው እርሾ ማምጣት ግድ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ብቅሉን እንመልከት። ጥሩ ብቅል የሚደርቀው በፀሐይ ነው። ቶሎ ይድረቅ ተብሎ በጋለ ምጣድ ላይ የተቈላ ወይም ዓመት የከረመና ነቀዝ የበላው ብቅል መልኩና ሽታው ቢያምርም ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኃይሉ ሄዷል። አሻሮ ለጠላ ቀለምና ጠረን ይሰጣል እንጂ የብቅልን ሥራ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በመርካቶ እህል በረንዳ የገዛችሁትን ብቅል ሳትደፈድፉ በቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ጥቂት ወፍራም ሙቅ ሥሩና ጣት ለአፍታ ብቻ እስኪታገሠው አብርዱት። ከዚያ ላይ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አዋሕዱና በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ብቅሉ ደኅና ከሆነ ያ ወፍራም ሙቅ እንደ ውሃ ቀጥኖ ይጣፍጣል። እንዳለ ወፍሮ ከቆየ ግን ብቅሉ ለአሻሮነት እንጂ ለሌላ አይረባም። ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ ስለ ኤንዛይም የተጻፈውን ምዕራፍ ዳግመኛ የሚሸመድድ አይመስለኝም። በጋኑ ውስጥ ያለው ብቅል ደካማ እንደ ሆነ ካወቃችሁ፣ የተፈተነ አዲስ ብቅል ፈጭታችሁ በለብታ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩበትና አማስሉት። ስኳሩ ሲወጣ እርሾው ራሱ ይነሣል።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም ይህ ችግር ከአያቶቻችን ዘመን ያልነበረና በእኛ ዘመን የመጣ ነው። አሮጌ የሸክላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ቢታጠንም በገላው ቀዳዳ ውስጥ ካለፈው ጠላ የተረፈ እርሾ ይይዛል። «ጋኑ የለመደ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው። ፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ግን ልሙጥ ነው፤ ምንም አያስቀርም። በዚህ ላይ በሳሙናና በበረኪና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ የቀረው በረኪና የሚመጣውንም እርሾ ያባርራል። ከቧንቧ የቀዳችሁት ውሃ የክሎሪን ሽታ ከነፈሳችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አሳድሩት፤ ሽታው ይለቀዋል። በአዲስ ፕላስቲክ የሚጠምቅ ሰው እንግዲህ እርሾው ከጌሾውና ከብቅሉ ብቻ እስኪራባ ድረስ ከሸክላው ይልቅ መታገሥ አለበት። በርሜሉ ቀድሞ ምን ተይዞበት እንደ ነበረ ካላወቃችሁ ግን ትዕግሥትም አያድነውም፤ ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ለሚጠጣ ነገር አታውሉት።

ሕያው እርሾ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከጎረቤት ነው። ጥሩ ጠላ ከምትጠምቅ ሴት ዘንድ ሄዳችሁ በመፍላት ላይ ካለው ድፍድፍ ወይም ከአዲስ ጉሽ አንድ ጣሳ ለምኑ። ያን በለብታ ጋናችሁ ላይ ገልብጣችሁ አማስሉት። ይህ የምስኪን ዘዴ አይደለም፤ የቢራ ፋብሪካ ሁሉ ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው እርሾ እያስተላለፈ ነው የሚኖረው። ልዩነቱ በዴንማርክ የካርልስበርግ ቢራ ሊቅ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 አንዲት የእርሾ ሕዋስ ለብቻዋ ለይቶ አራብቶ ከሌላ ዘር ሳይቀላቀል መጠቀምን ስላስተማራቸው ነው። የእኛ ጠላ ብዙ ዘር የተደባለቀበት ነውና የአንዷ ቤት ጠላ ከሌላዋ የማይመሳሰለውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ጎረቤት ካጣችሁ ከሱቅ በእሽግ የሚሸጠው የዳቦ እርሾ ይሠራል። አንዲት የሻይ ማንኪያ በለብታ ውሃና በቅንጣት ስኳር በጥብጣችሁ አረፋ ሲያወጣ ጨምሩ። ጣዕሙ ግን ዳቦ ዳቦ ይላል፤ አሮጊቶቹ ገና ሲቀምሱት ያውቁታል፤ ዝም ቢሉም ለትሕትና ነው። የእንጀራ እርሾ ከቡሃቃው ቀድቶ መጨመር ግን አይበጅም፤ ጠላውን ከማድረስ ይልቅ ያኮመጥጠዋል።

ስኳር ጨምሩ ላለው ሰው መልስ እንስጠው። እርሾው በብርድ ተኝቶ ሳለ ስኳር መጨመር፣ ለተኛ ሰው በራሱ ላይ እህል እንደ መቈለል ነው። ሲብስም ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ከእርሾው ገላ ውሃ እየሳበ ያደክመዋል። ማር ሳይበጠበጥ ለዓመታት ሳይፈላ የሚቀመጠው ለዚህ አይደለምን? የጠጅም መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ የሚለውን ልማድ ትቶ «ይጠንክር» ብሎ ማሩን ያበዛ ሰው ጠጁ ብርዝ ሆኖ ይቆይበታል። ውሃ ጨምሮ፣ አሙቆ፣ ከሌላ ጠጅ አምቡላ ጥቂት ጣል ቢያደርግበት ይነሣለታል።

የማይድነውንም መለየት ያስፈልጋል። ክዳኑን ስታነሡ አፍንጫ የሚቈነጥጥ የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ፣ አየር ገብቶ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ እየተለወጠ ነው፤ ይህን የሚመልስ ነገር የለም። በላዩ ላይ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የሸፈነው ድፍድፍ ደግሞ ሻጋታው ተገፍፎ የሚጠጣ አይደለም። ከሻገተ እህልም ብቅል አይበቀልም። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት የሚጐዳ ሲሆን ቂጣው ቢጋገርም ጠላው ቢፈላም አይጠፋም። ለከብትም አተላ አድርጋችሁ አትስጡት፤ ላሟም ጉበት አላት፤ መርዙም በወተቷ ተመልሶ ይመጣባችኋል።

ጋናችሁ ነቅቶ መፍላት ከጀመረ በኋላ ቶሎ ቶሎ እየከፈታችሁ አታማስሉት፤ በመጀመሪያ የጠቀመው አየር አሁን ጠላቱ ነው። አረፋው ሲተኛና ጣፋጭነቱ ሲጠፋ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምራችሁ አፉን በንጹሕ ጨርቅና በክዳን ግጠሙት፤ ሸክላ ከሆነም እንደ ልማዱ ምረጉት። በጀሪካን የምትጠምቁ ግን ክዳኑን እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። ሳምንት ሙሉ ተኝቶ የነበረ ጠላ በአንድ ሞቃት ከሰዓት በኋላ የሚያወጣው ጋዝ ጀሪካኑን እንደ ኳስ ይነፋዋል፤ ክዳኑን በድንገት የከፈተም ሰው ጠላውን የሚያገኘው በጣራው ላይ ነው። ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል አላሉት፤ ሲተነፍስም ትሰሙታላችሁ።